ከመስኖ ጉባኤ ደጅ የቀረው የጋምቤላ ውሃ

በኢትዮጵያ የውሃ ምሁራንና የመስኖ ባለሙያዎች ዘንድ፣ ለሳይንሳዊ ጉባኤ የሚላክ አኅጽሮተ ጥናት ፍሬውን ከገለባ የሚለይ ገለልተኛ ወንፊት ነው የሚል አመለካከት ሥር ሰዷል። አኅጽሮተ ጥናት፣ በተለምዶ አብስትራክት የሚባለው፣ ተመራማሪው በጉባኤ ላይ ሊያቀርብ ያሰበውን ሥራ ዳራ፣ ዘዴ፣ ውጤትና መደምደሚያ አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 500 በሚደርሱ ቃላት አሳጥሮ አስቀድሞ ለአዘጋጆቹ የሚልከው ጽሑፍ ሲሆን፣ አዘጋጆቹ ደግሞ የጸሐፊውን ስም ለማያውቁ ገምጋሚዎች አስነብበው መድረክ የሚያገኘውንና የማያገኘውን የሚለዩት በዚሁ ጽሑፍ ነው። አሠራሩ ለሁሉም እኩል ነው ስለሚባል፣ ከዚህ በር የተመለሰ ሥራ የተመለሰው በራሱ ድክመት ነው ተብሎ ይታመናል። ይህ እምነት ወደ ጋምቤላ ሲመጣ፣ ክልሉ በመስኖ ጉባኤዎች ላይ የውሃውን ብዛት ያህል የማይደመጠው የምርምር አቅም ስላልገነባ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ገና ለጋ፣ ተመራማሪው ጥቂት፣ መረጃውም የተበጣጠሰ ስለሆነ ነው ወደሚል ፍርድ ያደርሳል።

ፍርዱ የተሳሳተ ነው። የምርምር አቅም እጥረት መኖሩን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ነገሩን ሁሉ በአቅም እጥረት የሚያብራራ ሰው የጥናት ጥሪው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን ዓይነት ዕውቀት በ300 ቃላት ሊገባ እንደሚችልና ምን ዓይነቱ ሊገባ እንደማይችል ሳይመረምር ያልፋል። የመስኖ ጉባኤዎች የጥናት ጥሪ በአመዛኙ የሚነሣው ውሃ ከማነሱ ነው፤ የውሃ አጠቃቀም ብቃት፣ ጠብታ መስኖ፣ ድርቅን መቋቋም፣ የከርሰ ምድር ውሃ አያያዝ የሚሉት ርእሶች ከአዋሽ፣ ከስምጥ ሸለቆና ከሰሜኑ ደጋ ችግር የመነጩ፣ ለእነዚያ አካባቢዎችም ተገቢ የሆኑ ናቸው። ጋምቤላ ግን በዓመቱ እኩሌታ ውሃ የሚበዛባት፣ በሌላው እኩሌታ ውሃው የሸሸው መሬት ላይ የምትኖር ምድር ናት፤ የእርሷ ዋና ጥያቄ ውሃው መቼ ይመጣል፣ የት ድረስ ይወጣል፣ መቼስ ይሸሻል የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በጥሪው ውስጥ የራሱ ስፍራ የለውም።

ጋምቤላ በአኅጽሮተ ጥናቶች ውስጥ ፈጽማ አትነሣም ማለት አይደለም፤ ስትነሣ ግን በአንድ ዓይነት አረፍተ ነገር ነው። ኢትዮጵያ በዓመት 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የገጸ ምድር ውሃ አላት፣ ከዚህም ከ23 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሚሆነው በባሮ አኮቦ ተፋሰስ ይፈሳል፣ በአገር ደረጃ 3.7 ሚሊዮን ሄክታር ከሚገመተው ሊለማ የሚችል የመስኖ መሬት አንድ ሚሊዮን ሄክታር ገደማ በዚሁ ተፋሰስ ይገኛል፣ ሆኖም እምቅ ሀብቱ እስካሁን አልተነካም የሚለው መንደርደሪያ በተደጋጋሚ ይቀርባል። ተፋሰስ ማለት ዝናቡ ተሰብስቦ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበት ምድር ሁሉ ነው፤ የባሮ አኮቦ ተፋሰስም ከኢሉ አባቦራ፣ ከቄለም ወለጋና ከሸካ ደጋዎች ጀምሮ እስከ ደቡብ ሱዳን ድንበር ይወርዳል። ስለዚህ በጋምቤላ ስም የሚጠራው ውሃ አብዛኛው ከክልሉ ውጭ የዘነበ ነው፤ ብርብርና ገባ የተባሉት ወንዞች ከደጋ ወርደው ተገናኝተው ባሮ ይሆናሉ፣ ባሮም ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሜዳ ወርዶ ጋምቤላ ከተማን ሲያልፍ ተዳፋቱ ስለሚጠፋ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ውሃ ግራና ቀኝ ይለቃል።

እምቅ የመስኖ መሬት የሚባለው መጠን የሚሰላበት መንገድ ሊታወቅ ይገባል። ተመራማሪው የመሬቱን ተዳፋት፣ የአፈሩን ዓይነትና ጥልቀት፣ ከወንዝ ያለውን ርቀት፣ በሳተላይት ምስል የተለየውን የመሬት ሽፋን በካርታ ላይ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጥቶ፣ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘውን ስፍራ ለመስኖ ምቹ ብሎ ይፈርጃል። ዘዴው በራሱ ትክክል ነው፣ ለመጀመሪያ ግምትም ይጠቅማል። ነገር ግን ስሌቱ ያንን መሬት ዛሬ ማን እንደሚያርሰው፣ ከብት በየትኛው ወር እንደሚያልፍበት፣ ውሃው በነሐሴ ስንት ክንድ እንደሚተኛበት አይናገርም፤ በካርታው ላይ ለም፣ ሜዳማና ለወንዝ ቅርብ ሆኖ የሚታየው ስፍራ ብዙውን ጊዜ በክረምት ውሃ የሚውጠው ስፍራ ራሱ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ከጠረጴዛ ሳይነሡ ሊሠራ ስለሚችል፣ ውጤቱም በሄክታርና በመቶኛ ስለሚገለጽ፣ ለአኅጽሮተ ጥናት ቅርጽ ከሁሉ ይልቅ ይስማማል። ወንፊቱ የሚያሳልፈው እንግዲህ ይህንን ነው፤ ያልተነካ የሚለው ቃልም በየጉባኤው ሲደጋገም ከግምትነት ወደ ሐቅነት ተሸጋግሯል።

የጋምቤላ ውሃ ሳይጠና የቀረ ነው የሚለውም አባባል ከታሪክ ጋር አይስማማም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት የተፈራረሙት ውል በአራተኛው አንቀጹ እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ፣ የንግድ ጣቢያ እንዲይዙ ሲፈቅድ፣ በሦስተኛው አንቀጹ ደግሞ ዓባይን፣ የጣናን ሐይቅና ሶባትን የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠራ ያስገድድ ነበር፤ ሶባት ባሮና ፒቦር ተገናኝተው የሚፈጥሩት ወንዝ ነው። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተተክሎ፣ በክረምት የሞላው ባሮ የእንፋሎት መርከቦችን ከካርቱም እያመጣ ቡና ይጫንበት በነበረበት ዘመን፣ የወንዙ ከፍታና ፍሰት በጋምቤላ ይለካ ነበር። ልኬቱ የተያዘው ግን የሱዳንና የግብፅ መስኖ ምን ያህል ውሃ እንደሚያገኝ ለማወቅ ነበር፤ በባሮ ዳር የሚያርሰው የአኙዋ ገበሬ በዚያ ጥያቄ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በ1990 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ኅብረቱ ሴልኮዝፕሮምኤክስፖርት የጋምቤላን ሜዳ ውሃና መሬት አጠና፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ታምስና ዩኤልጂ የተባሉ አማካሪ ድርጅቶች የባሮ አኮቦን የተቀናጀ ልማት ማስተር ፕላን አቀረቡ፤ የምሥራቅ ናይል ቴክኒክ ጽሕፈት ቤትም ባሮ አኮቦ ሶባትን የሚመለከት ሌላ ጥናት አስጠንቷል። የጥናት ክምችቱ ትልቅ ነው፤ ጉድለቱ ያለው ጥናቶቹ በተነሡበት ጥያቄ ላይ ነው፤ ጥያቄውም በየዘመኑ ከወንዙ ዳር ርቆ የተቀመጠ ሰው የሚያነሣው ሆኖ ቆይቷል።

በጋምቤላ አቦቦ ወረዳ በአልዌሮ ወንዝ ላይ የሚገኘው የአልዌሮ ግድብ ይህን ከማንኛውም ክርክር በላይ ያሳያል። ግድቡ በደርግ ዘመን በሶቪየት ባለሙያዎች እገዛ የተሠራ ሲሆን፣ ወደ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝና ወደ 10 ሺህ ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከሰሜንና ከሌሎች አካባቢዎች የመጡ ሠፋሪዎች የተተከሉበት ምድር ቅርብ ስለነበር፣ ግድቡ ለአዲሱ ነዋሪም ለነባሩም እንጀራ ይሆናል የሚል ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ግድቡ ቆመ፣ ውሃውም ተጠራቀመ፤ ውሃውን ከግድቡ ወደ ማሳ የሚወስዱት ቦዮች ግን ሳይሟሉ ረጅም ዓመታት አለፉ። መስኖ ማለት ግድብ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ቦይ፣ ከእርሱ የሚወጡት ንዑሳን ቦዮች፣ ውሃ ማከፋፈያዎቹ፣ ትርፉን ውሃ የሚያስወጣው ማንጣፈፊያና ተራ አስጠባቂው የገበሬ ማኅበር አንድ ላይ ካልተሟሉ፣ የተጠራቀመው ውሃ ለገበሬው እህል አይሆንም። ኋላ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ 10 ሺህ ሄክታር መሬት ሩዝ ለማምረት ሳዑዲ ስታር ለተባለው ኩባንያ ሲሰጥ ውሃው ለሰፊው የንግድ እርሻ እንዲውል ታሰበ፤ ዙሪያውን ያለው አነስተኛ ገበሬ ከግድቡ ምን ድርሻ አለው የሚለው ጥያቄም ይበልጥ ተወሳሰበ።

አንድ የአቦቦ የግብርና ባለሙያ፣ ወይም በዚያው ወረዳ ያለው የክልሉ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪ፣ ይህን ታሪክ ለመስኖ ጉባኤ በአኅጽሮተ ጥናት ማቅረብ ቢፈልግ ምን ብሎ ሊጽፍ ይችላል? የተለመደው ቅርጽ ውጤት የሚለው ክፍል እንዲሞላ ያዝዘዋል፤ ውጤትም ማለት በተግባር ምርት በዚህ ያህል መቶኛ ጨመረ፣ የውሃ ብክነት በዚህ ያህል ቀነሰ፣ የተሻሻለው ዘዴ ከነባሩ በለጠ የሚል አረፍተ ነገር ነው። ቦይ ያልተሟላለት ግድብ ግን የሚጨምረው መቶኛ የለውም። ግድቡ ለምን ለታለመለት ሰው እንዳልደረሰ፣ በዲዛይንና በበጀት መካከል የቱ ክር እንደተበጠሰ፣ የጥገናው ኃላፊነት ከየትኛው መሥሪያ ቤት ወደ የትኛው ሲዛወር እንደቆየ የሚመረምር ሥራ በአኅጽሮተ ጥናት ገምጋሚ ዓይን አዲስ ግኝት የሌለው፣ ዘዴው ደካማ፣ ከሳይንስ ይልቅ ወደ አስተዳደር ሪፖርት የሚያደላ ጽሑፍ ይመስላል። አገሪቱ ከአልዌሮ ልትማረው የሚገባው ትምህርት ግን ያለው በዚያ ሥራ ውስጥ ነው፤ ትምህርቱን የማያስገባ በር ደግሞ ጥራትን ጠበቀ ሊባል አይችልም።

የዕውቀቱ መቅረት ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በግልጽ ታይቷል። ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ በኢሊያ አካባቢ 100 ሺህ ሄክታር መሬት ተከራይቶ፣ ሜዳውን መንጥሮ፣ የጎርፍ መከላከያ አፈር ቆልሎ ከዘራው በቆሎ ውስጥ ወደ 12 ሺህ ሄክታር የሚሆነው ባሮና አልዌሮ ሞልተው ሲፈስሱ ወደመ፤ የኪራይ ውሉም በ2008 ዓ.ም. ተቋረጠ። ባሮ በነሐሴና በመስከረም ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሜዳውን የሚሸፍን ወንዝ መሆኑን የኢታንግ፣ የላሬና የጂካዎ ነዋሪ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ቤቱን ጉብታ ላይ የሚሠራው፣ የእርሻውን ጊዜ በሁለት የሚከፍለው በዚሁ ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት በየትኛውም ጉባኤ መድብል ውስጥ በተገቢው መልክ ሰፍሮ ቢሆን ኖሮ ኩባንያው ሌላ ውሳኔ ይወስድ ነበር ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ሆኖም የመሬቱ ስፋትና ለምነት በሰነድ ላይ ሲጻፍ የውሃው ጠባይ አብሮ አለመጻፉ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ የመጀመሪያው በሄክታር የሚቆጠር ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰው ዘንድ ሄዶ መጠየቅን ይጠይቃል።

የወንዝ ዳሩ ሰው የሚያርስበት ዘዴ የውሃ ሽሽት እርሻ ይባላል። ክረምቱ ሲያበቃ ባሮ፣ ጊሎና አኮቦ ቀስ በቀስ ወደ አልጋቸው ሲመለሱ፣ ውሃው የተኛበት ዳርቻ እርጥበት የጠገበና ከደጋ የወረደ ደለል ያረፈበት ሆኖ ይገለጣል። ገበሬው ውሃው በሸሸ ቁጥር እየተከተለ፣ ከላይኛው እርከን ጀምሮ ወደ ታች፣ በቆሎና ሌሎች ሰብሎችን ይዘራል፤ ሰብሉ ዝናብ ሳይጠብቅ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት አድጎ በበጋ ይደርሳል። አኙዋዎች በዚህ ዘዴ ከክረምቱ ዝናብ እርሻ በተጨማሪ ሁለተኛ ምርት ያገኛሉ። ኑዌሮች ደግሞ በክረምት ከፍታ ላይ ባሉ መንደሮቻቸው ከርመው፣ በበጋ ከብቶቻቸውን ይዘው ጎርፍ ያረሰረሰው ሣር ወዳለበት የወንዝ ዳር ይወርዳሉ፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ጎርፍ ለአንዱ ማሳ፣ ለሌላው ግጦሽ፣ ለሁለቱም ዓሣ ይሰጣል። አንትሮፖሎጂስቱ ኤቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 እ.ኤ.አ. ስለ ኑዌር ባሳተመው መጽሐፍ የሕዝቡን የአኗኗር ሥርዓት ከውሃው መምጣትና መሸሽ ጋር አያይዞ ማጥናቱ በአንትሮፖሎጂ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ የመስኖ መሐንዲስ ግን ይህን ከሙያው ውጭ አድርጎ ሲቆጥረው ይታያል።

እዚህ ላይ ከተቃራኒው ወገን የሚነሣ አንድ ብርቱ መከራከሪያ አለ። የውሃ ሽሽት እርሻ ቦይ የለው፣ መጥለፊያ የለው፣ ውሃውን የሚያዝዘውም ሰው ሳይሆን ወንዙ ነው፤ ስለዚህ መስኖ አይደለም፣ በመስኖ ጉባኤ ላይም ቦታው አይደለም ይባላል። መከራከሪያው በጠባቡ የመስኖ ትርጉም ትክክል ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የውሃ መረጃ ቋት ግን በውሃ ሽሽት የሚታረሰውን መሬት መስኖ ከተዘረጋበት መሬት ለይቶም ቢሆን፣ ውሃው በሰው አያያዝ ከሚመራ የእርሻ መሬት ጋር ይቆጥረዋል። ዋና መሥሪያ ቤቱ በኒው ዴልሂ የሆነውና በ1950 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዓለም አቀፍ የመስኖና የውሃ ማንጣፈፍ ኮሚሽንም የጎርፍ አያያዝን ከሙያ ዘርፎቹ አንዱ አድርጎ ይዞታል። ሙያው በዓለም ደረጃ እንዲህ ሰፍቶ እያለ የአገር ውስጡ ጥሪ ጠብቦ መቅረቡ ሳይንስ ያዘዘው ገደብ አይደለም፤ ጥሪውን የሚያረቁት ሰዎች የሚያውቁት ምድር ያወጣው ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ገዝቶታል። በሴኔጋል ወንዝ ሸለቆ የሚኖሩ ሕዝቦች በማሊ የማናንታሊ ግድብ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲጠናቀቅ የውሃ ሽሽት እርሻቸው በመስኖ እርሻ እንዲተካ ታቅዶ ነበር፤ በሸለቆው ለዓመታት የቆዩ ተመራማሪዎች እርሻውን፣ ግጦሹንና ዓሣውን አንድ ላይ ሲመዝኑት ግን ጎርፉ ከታሰበው በላይ ብዙ ሕይወት እንደሚያኖር አሳዩ፣ ከግድቡ ሰው ሠራሽ ጎርፍ የመልቀቅ ሐሳብም ከዚያ ምርምር ጋር ተያይዞ ጎለበተ። በኢትዮጵያም በኦሞ ወንዝ ላይ የጊቤ ሦስት ግድብ ሲታቀድ በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ለታችኛው ኦሞ ነዋሪዎች በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ ተጽፎ ነበር፤ ግድቡ በ2007 ዓ.ም. መሙላት ከጀመረ በኋላ በነበሩት ዓመታት በወንዙ ዳር የሚያርሱት ዳሰነች፣ ሙርሲ፣ ካራና ኛንጋቶም የለመዱትን ጎርፍ አጥተው ተቸግረዋል። ጎርፍን እንደ ጥፋት ብቻ የሚያይ ዕቅድ የሚጎዳው ማንን እንደሆነ ከኦሞ በላይ ምስክር አያስፈልግም። ባሮ ገና በዋናው ግንዱ ላይ ያልተገደበ በመሆኑ፣ ጥያቄውን አስቀድሞ ለማንሣት ጊዜው አላለፈም።

የቋንቋው ጉዳይ ከዚህ አይለይም። የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ከቀበሌ የልማት ሠራተኛ እስከ ክልል ቢሮ ድረስ ስለ ዘር ወቅት፣ ስለ ጎርፍ ጉዳት፣ ስለ ፓምፕ ብልሽት፣ ስለ ውሃ ተጠቃሚዎች ክርክር የሚጻፈው ሪፖርት ሁሉ የሚጻፈው በአማርኛ ነው። የገበሬው ዕውቀት ደግሞ በአኙዋ፣ በኑዌር፣ በመዠንግር፣ በኦፖና በኮሞ ቋንቋዎች ይነገራል። አኅጽሮተ ጥናቱ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲቀርብ ይጠየቃል። ዓለም አቀፍ ጉባኤ የጋራ ቋንቋ ያስፈልገዋል የሚለው ክርክር ተገቢ ነው፤ ሆኖም ተሰብሳቢዎቹ በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን በሆኑበት፣ ውይይቱም ስለ ኢትዮጵያ ወንዞች በሆነበት ጉባኤ፣ አኅጽሮተ ጥናት በአማርኛ ተቀብሎ አዘጋጁ ራሱ እንዲያስተረጉመው ማድረግ የሚከብድ ነገር አይደለም። አሁን ባለው አሠራር የትርጉሙ ሸክም የሚወድቀው ከሁሉም ያነሰ ጊዜና ኢንተርኔት ባለው ሰው ላይ ነው፤ በክረምት መንገድ በሚቆረጥባቸው የወንዝ ዳር ወረዳዎች የሚሠራው ባለሙያ ውሃው ምን እያደረገ እንደሆነ በሚያይበት ወር ላይ ከከተማና ከመረብ ይነጠላል።

ስም የተሰወረበት ግምገማ ለሁሉም እኩል ዕድል ይሰጣል የሚለው እምነትም እስከ ታመነበት ድረስ አይሄድም። ገምጋሚው የጸሐፊውን ስም አያይም፣ ስለዚህ በዘመድ ወይም በዝና አያዳላም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ሊጠበቅም ይገባዋል። ዳሩ ግን ስሙን የሸፈነው መጋረጃ ሌላም ነገር አብሮ ይሸፍናል፤ ጸሐፊው ባሮ ዳር ቆሞ ለክቶ ይሁን ወይም መረጃውን ሁሉ ከሳተላይት አውርዶ ይሁን፣ ገበሬ አነጋግሮ ይሁን ወይም ካለፈ ጽሑፍ ቀድቶ ይሁን ገምጋሚው ሁልጊዜ ለይቶ አያውቅም። ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲቀርቡ፣ አንዱ የ30 ዓመት የዝናብ መረጃ በኮምፒዩተር ሞዴል ያሠራ፣ ሌላው በአንድ ቀበሌ የአንድ ክረምት ጎርፍን ከእርከን ወደ እርከን የተከታተለ ቢሆን፣ ነጥቡ የሚያደላው ለመጀመሪያው ነው። ሞዴል ማለት የዝናብን፣ የአፈርንና የመሬትን መረጃ ተቀብሎ ወንዙ ምን ያህል ሊፈስ እንደሚችል በቀመር የሚገምት ሥርዓት ሲሆን፣ ጥቂት የመለኪያ ጣቢያ ባለበትና ጣቢያዎቹም በየጊዜው በሚቋረጡበት ተፋሰስ ውስጥ የሚሰጠው መልስ ሊታመን የሚችለው በመስክ ልኬት ሲፈተን ብቻ ነው። ያ ትሑት የአንድ ክረምት ልኬት የተጣለበት ጉባኤ የሞዴሉንም መፈተኛ አብሮ ጥሏል።

እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ የሚሰጠው የመጨረሻ መልስ፣ በሩ ከተከፈተ ወሬና ስሚ ስሚ ሁሉ ሳይንስ ተብሎ ይገባል የሚል ነው። ሥጋቱ ከልብ የመነጨ ነው፣ ሊናቅም አይገባም። ነገር ግን እዚህ የሚጠየቀው መስፈርቱ እንዲላላ አይደለም፤ አሁን የማይጠየቁ ጥያቄዎች እንዲጨመሩና መስፈርቱ እንዲጠብቅ ነው። እያንዳንዱ አኅጽሮተ ጥናት ልኬቱ የት ቦታና በየትኛው ወቅት እንደተወሰደ ይናገር፤ ለመስኖ ምቹ ነው የሚለውን መሬት አሁን ማን እንደሚጠቀምበት ይግለጽ፤ ያልተሳካ ሥራን የሚመረምር ጽሑፍ ከተሳካው እኩል እንዲመዘን በጥሪው ላይ በግልጽ ይጻፍ። የሽማግሌ ቃልም ቢሆን ሊመዘን ይችላል። አንድ የኢታንግ አዛውንት ውሃው በየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዛፍ እንደደረሰ ሲናገሩ፣ የዛፉን ከፍታ በመሣሪያ ለክቶ በጋምቤላ ከተማ ከተመዘገበው የባሮ ከፍታ ጋር ማመሳከር ይቻላል፤ መዝገቡ በተቋረጠባቸው ዓመታት ደግሞ የአዛውንቱ ምልክት ክፍተቱን ሊሞላ የሚችል ብቸኛ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። በሌሎች አገሮችም የጥንት ጎርፍ ከፍታ በድልድይና በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከተቀረጸ ምልክት ሲሰበሰብ ኖሯል፣ ሳይንስ መሆኑንም የሚጠራጠር የለም።

የገምጋሚዎቹም ማንነት አብሮ መታየት አለበት። የውሃ ምህንድስና ትምህርት በአገሪቱ ሥር የሰደደው በአርባ ምንጭ፣ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በሌሎች አንጋፋ ተቋማት በመሆኑ ገምጋሚው በአብዛኛው ከዚያ ይመረጣል፤ ስለ ባሮ የሚጽፍ ተመራማሪ ሥራ በጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ወይም በክልሉ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ባለ ሰው ሳይነበብ መጽደቁ ወይም መውደቁ ግን ሊቀጥል አይገባም። ተቋሞቹ ወጣት ናቸው ተብሎ ከግምገማው መራቃቸው ወጣትነታቸውን ከማራዘም በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም። ጉባኤው ራሱ በጥቅምትና በኅዳር፣ ውሃው በሚሸሽበትና ዘሩ በሚወድቅበት ወቅት፣ በጋምቤላ ከተማ ቢካሄድ ተሰብሳቢው ከአዳራሹ በእግር ወጥቶ የባሮን ዳርቻ ሊያይ ይችላል፤ በአኅጽሮተ ጥናት ውስጥ ያልተነካ የሚባለው መሬት በእጅ መቆፈሪያ እየተዘራ መሆኑን ለማረጋገጥ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ይህ ሁሉ አስቸኳይ የሚሆነው በማስተር ፕላኑ ላይ የተመለከቱት የላይኛው ባሮ፣ የገባና የጌንጂ የኃይል ማመንጫ ዕቅዶች ስላሉ ነው። ስለነዚህ ግድቦች የሚጻፉ አኅጽሮተ ጥናቶች ፍሰቱ ሲስተካከል የበጋው ውሃ እንደሚጨምር፣ የክረምቱ ጎርፍ እንደሚቀንስ፣ በዚህም በታችኛው ሜዳ በመስኖ የሚለማው መሬት እንደሚሰፋ ይተነብያሉ። ፍሰትን ማስተካከል ማለት የሚበዛውን ወር አሳንሶ የሚያንሰውን ወር ማብዛት ነው፤ ለውሃ ሽሽት እርሻ ግን ሁለቱም ጉዳት ናቸው፣ ጎርፉ ካነሰ ዳርቻው ውሃና ደለል አያገኝም፣ የበጋው ውሃ ከበዛ ደግሞ ሊዘራበት የሚገባው የታችኛው እርከን ሳይገለጥ ይቀራል። ለማናቸውም የመስኖ ጉባኤ እንዲህ ያለ አኅጽሮተ ጥናት ሲላክ፣ ገምጋሚው ጸሐፊውን ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ከጋምቤላ ከተማ እስከ ኢታንግና ከዚያም ወርዶ እስከ ጂካዎ ባለው ዳርቻ ስንት ማሳ በበጋ እንደሚዘራ ቆጥሮ እንደሆነ ነው፤ ካልቆጠረ፣ የሚያገኘውን የመስኖ መሬት ብቻ አስልቶ የሚያሳጣውን ሳያሰላ የተላከ በመሆኑ፣ ጽሑፉ እስኪሟላ ድረስ ሊመለስለት ይገባል።